የሐሞት ቱቦ ሕመም ባለበት ጉበት ላይ እባጭ ሲታይ፦ የአንባቢያን ጥያቄና የሐኪም መልስ

በዚህ እትም የምንመልሳቸው አራት ደብዳቤዎች ከተለያየ ስፍራ የተጻፉ ቢሆኑም የሚያሳስባቸው ነገር ተቀራራቢ ነው፤ በሐሞት ቱቦ ወይም በሐሞት ከረጢት ሕመም ሲታከም የቆየ ሰው ጉበቱ ላይ ያልታሰበ እባጭ ቢገኝ ካንሰር ነው ወይስ ሌላ ነገር? የጠያቂዎቹን ማንነት የሚያሳውቁ ዝርዝሮችን አውጥተን ደብዳቤዎቹን አሳጥረናቸዋል።

ጥያቄ፦ ዶክተር፣ ጤና ይስጥልኝ። የ52 ዓመት ሴት ስሆን የምኖረው ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ነው። ከስድስት ዓመት በፊት የሰውነት ማሳከክ አላስቆም አላስቀምጥ ሲለኝ ተመርምሬ ፕራይመሪ ቢሊያሪ ኮላንጃይቲስ የተባለ የሐሞት ቱቦ ሕመም እንዳለብኝ ተነገረኝ፤ ከዚያ ወዲህ ኡርሶዲዮል 300 ሚሊ ግራም በቀን ሦስት ፍሬ እወስዳለሁ። ባለፈው ወር በአልትራሳውንድ በቀኝ የጉበቴ ክፍል ላይ 1.6 ሴንቲ ሜትር የሆነ እባጭ ታየ። የኤም.አር.አይ. ውጤቱ ደግሞ «የጉበት ካንሰር ያጠራጥራል» ይላል፤ የቀዶ ሕክምና ሐኪሙም ይቆረጥ አሉኝ። ጉበቴ ጠባሳ እንዳልያዘ በፋይብሮስካን ተረጋግጧል። ሌላው ሐኪሜ በመጀመሪያ ናሙና በመርፌ ይወሰድ ሲሉ፣ ዘመዶቼ ግን «መርፌ የነካው ካንሰር ይበተናል» ብለው አስፈራሩኝ። ምን ላድርግ?

መልስ፦ እህቴ፣ ሕመምዎን ለማያውቁ አንባቢያን በቅድሚያ ጥቂት ልበል። ፕራይመሪ ቢሊያሪ ኮላንጃይቲስ የሰውነት መከላከያ ኃይል በጉበት ውስጥ የሚገኙትን እጅግ ቀጫጭን የሐሞት ቱቦዎች እንደ ባዕድ ቆጥሮ ቀስ በቀስ የሚያጠፋበት ሕመም ሲሆን፣ ከ10 ሕመምተኞች 9ኙ ያህል ሴቶች ናቸው። የሚወስዱት መድኃኒት ለአንድ ኪሎ ክብደት በቀን ከ13 እስከ 15 ሚሊ ግራም ስለሚታዘዝ፣ ክብደትዎ ከ60 እስከ 70 ኪሎ ከሆነ መጠኑ ትክክለኛ ነው፤ እባጩ በመገኘቱ ምክንያት የሚቋረጥበትም የሚጨመርበትም ምክንያት የለም።

አሁን ወደ ምስሉ እንምጣ። የኤም.አር.አይ. ሐኪሙ ካንሰርን የጠረጠሩት ያለ ምክንያት አይደለም፤ ኮንትራስት የተባለው ፈሳሽ በደም ሥርዎ ሲሰጥ እባጩ በመጀመሪያዎቹ ሴኮንዶች ከአካባቢው ጉበት ይበልጥ ደምቆ፣ ከደቂቃዎች በኋላ ደግሞ ደብዝዞ ታይቷቸው ይሆናል። ሲሮሲስ፣ ማለትም ጉበትን የወረረ ጠባሳ፣ ባለበት ጉበት ላይ በቂ መጠን ያለው እባጭ ይህን ባሕርይ አሟልቶ ካሳየ ሐኪሞች ናሙና ሳይወስዱ ካንሰር ነው ብለው ሕክምና እስከ መጀመር ይደርሳሉ። ይሁን እንጂ የአሜሪካ የራዲዮሎጂ ኮሌጅ ያወጣው ላይ-ራድስ የተባለው የምስል መመዘኛ የሚያገለግለው ሲሮሲስ ላለባቸው፣ ሥር የሰደደ ሄፓታይተስ ቢ ለያዛቸው፣ ወይም ቀድሞውኑ የጉበት ካንሰር ላለባቸውና ለነበረባቸው አዋቂዎች ብቻ ነው። እርስዎ ሲሮሲስ የለብዎትም። ስለዚህ ያው ምስል በእርስዎ ጉበት ላይ ጥርጣሬ ከመፍጠር አልፎ ማስረጃ ሊሆን አይችልም፤ በዚህ ምስል ብቻ ተነሥቶ ጉበት መቁረጥ፣ በእኔ ግምት፣ መቅደም የነበረበትን ምርመራ መዝለል ነው።

እዚህ ላይ በደብዳቤዎ ያልጠቀሱትን አንድ ነገር ልጠይቅዎ። ሄፓታይተስ ቢ ተመርምረዋል? ቫይረሱ በሀገራችን የተስፋፋ ነው፤ ብዙዎቻችን ሳናውቀው ከልጅነታችን ጀምሮ ይዘነው እንኖራለን። ቫይረሱ ደግሞ ሲሮሲስ ሳያስከትልም የጉበት ካንሰር ሊያመጣ ይችላል። የደም ምርመራው ቀላልና ርካሽ ሲሆን፣ ውጤቱ ቫይረሱ አለ የሚል ከሆነ ከላይ ያልኩት ሁሉ ይገለበጣል፤ የራዲዮሎጂ ሐኪሙ ጥርጣሬም ክብደት ያገኛል። አሜሪካ ውስጥ ማንኛውም አዋቂ ቢያንስ አንድ ጊዜ እንዲመረመር እ.ኤ.አ. በ2023 መመሪያ ወጥቷል፤ ይሁንና የሐሞት ቱቦ ሕመም ስሙ ከወጣ በኋላ ሁሉ ነገር በእርሱ ስለሚሳበብ ይህ ምርመራ ሲረሳ አያለሁ።

ቫይረሱ ከሌለ እባጩ ምን ሊሆን ይችላል? ከብዙ ዕድሎች መካከል በእርስዎ ዕድሜ፣ ፆታና ሕመም ላይ በተለይ ሊታሰብ የሚገባው፣ ግን ብዙ ሐኪሞች በሥራ ዘመናቸው ላያዩት የሚችሉት አንድ እባጭ አለ። ሪአክቲቭ ሊምፎይድ ሃይፐርፕላዢያ ይባላል። ሊምፎሳይት የተባሉት የመከላከያ ሕዋሳት በጉበት ውስጥ አንድ ቦታ ላይ ተሰብስበው፣ ልክ በአንገት ወይም በብብት ሥር እንዳለ ንፍፊት ዓይነት አካል ሠርተው የሚቀመጡበት ሁኔታ ነው። በጉበት ላይ ለመጀመሪያ ጊዜ የተገለጸው እ.ኤ.አ. በ1981 ሲሆን፣ ከዚያ ወዲህ የተመዘገቡት ሕመምተኞች በጣም ጥቂት ናቸው፤ አብዛኞቹ በመካከለኛ ዕድሜ ያሉ ሴቶች ሲሆኑ፣ ከእነርሱም ብዙዎቹ እንደ እርስዎ ያለ የመከላከያ ኃይል መዛባት ነበረባቸው። እባጩ አብዛኛውን ጊዜ አንድ ብቻ ሆኖ መጠኑም ከ2 ሴንቲ ሜትር እምብዛም አይበልጥም። የሚያስቸግረው በምስል ላይ ካንሰርን መስሎ መታየቱ ነው፤ ይደምቃል፣ ይደበዝዛል፣ በኤም.አር.አይ. የዲፊውዥን ምስል ላይም ጎልቶ ይወጣል። በዚህ የተነሣ ከእነዚህ ሴቶች ብዙዎቹ እባጩ ምን እንደሆነ ያወቁት በካንሰር ጥርጣሬ ጉበታቸው ከተቆረጠ በኋላ ነው።

ናሙናው ከተወሰደ ፓቶሎጂስቱ፣ ማለትም ናሙናውን የሚመረምረው ሐኪም፣ የሚያየው ነገር ከምስሉ በእጅጉ የተለየ ነው። በማይክሮስኮፕ ሥር የካንሰር ሕዋስ የለም፤ ያሉት መካከላቸው ፈዘዝ ያሉ ክብ የሊምፎሳይት ጉባኤዎችና በዙሪያቸው የተበተኑ ትናንሽ ሕዋሳት ናቸው። ቀጥሎ የሚነሣው ጥያቄ ይህ የሕዋሳት ስብስብ ማልት ሊምፎማ የተባለው ቀስ ብሎ የሚያድግ የሊምፍ ካንሰር እንዳይሆን ነው፤ ለዚህም ካፓና ላምዳ የተባሉትን ፕሮቲኖች በማቅለም፣ አስፈላጊም ከሆነ የሕዋሳቱን ዘረ-መል በመመርመር፣ ስብስቡ ከብዙ ወላጅ ሕዋሳት የመጣ ነው ወይስ ከአንድ ተባዝቶ የወጣ የሚለው ይለያል። ከብዙ ከሆነ ካንሰር አይደለም። ይህ ሁሉ የሚቻለው ግን ናሙናው በቂ ሲሆን ብቻ ስለሆነ፣ በቀጭን መርፌ የተመጠጡ ጥቂት ሕዋሳት አይበቁም፤ ቅርጹ ያልፈረሰ ቁራጭ የሚያወጣ ወፈር ያለ መርፌ እንዲጠቀሙና እባጭ ከሌለበት የጉበት ክፍልም ሌላ ቁራጭ እንዲወስዱ ይጠይቁ።

የዘመዶችዎን ስጋት በንቀት አላልፈውም፤ መነሻ አለውና። እባጩ በእርግጥ የጉበት ካንሰር ሆኖ ቢገኝ መርፌው ባለፈበት መስመር ላይ ሕዋስ የመዝራት አጋጣሚ ከ100 ሰዎች በ3ቱ ገደማ ላይ እንደሚደርስ በልዩ ልዩ ጥናቶች ድምር ታይቷል፤ መርፌው በሌላ ሰፋ ባለ ባዶ መርፌ ውስጥ እንዲያልፍ ሲደረግ አደጋው ይቀንሳል። በአንጻሩ ደግሞ ካንሰር ላልሆነ እባጭ ጉበት መቁረጥ የራሱ የደም መፍሰስ፣ የኢንፌክሽንና ከዚያም የከፋ አደጋ አለው። ሲሮሲስና ሄፓታይተስ ቢ በሌለበት፣ 1.6 ሴንቲ ሜትር በሆነ እባጭ ላይ ሚዛኑ ወደ መርፌው ያደላል ብዬ አምናለሁ።

ሌሎች ዕድሎችንም በአጭሩ ልንካ። ፎካል ኖዱላር ሃይፐርፕላዢያ የተባለው፣ በሴቶች ላይ የሚበዛውና ወደ ካንሰር የማይለወጠው እባጭ በኤም.አር.አይ. ሊለይ ይችላል፤ የጉበት ሕዋሳት የሚመጥጡትና በሐሞት በኩል የሚወገድ ልዩ ኮንትራስት ከተሰጠ ከ20 ደቂቃ በኋላ እባጩ ፈሳሹን ይዞ ይቆያል። የሐሞት ፍሰታቸው በጣም በቀነሰ ሰዎች ግን ጉበቱ ራሱ ኮንትራስቱን በደንብ ስለማይወስድ ምስሉ ይደበዝዛል፤ ዓይንን ቢጫ የሚያደርገው የቢሊሩቢን መጠንዎ ከፍ ያለ ከሆነ ይህን ለራዲዮሎጂ ሐኪሙ መንገር ይጠቅማል። ከጉበት በታች ባለው የደም ሥር መግቢያ አጠገብ «ንፍፊት አብጧል» የሚል ዓረፍተ ነገር በውጤቱ ላይ ቢያነቡም አይደንግጡ፤ በእርስዎ ሕመም ይህ የተለመደ ነው።

ናሙናው ካንሰር አይደለም ቢልም ክትትሉ አይቆምም። ከሦስት እስከ ስድስት ወር ባለው ጊዜ ምስሉ ይደገማል፤ ሪአክቲቭ ሊምፎይድ ሃይፐርፕላዢያ ያለ ሕክምና የጠፋበት ጊዜ አለ፣ ሳይለወጥ የሚቆይበትም አለ። ካደገ ግን የመጀመሪያው ናሙና የተናገረው ሁሉ እንደገና ይጠየቃል።

ጥያቄ፦ ዶክተር፣ የምጽፍልዎ ከአዲስ አበባ ስለ ታናሽ ወንድሜ ነው። ዕድሜው 34 ሲሆን የሚኖረው ፍራንክፈርት ነው። የአንጀት ቁስለት፣ ማለትም አልሰሬቲቭ ኮላይቲስ፣ ከያዘው ቆይቷል፤ ቀጥሎም ፕራይመሪ ስክለሮሲንግ ኮላንጃይቲስ ተገኘበት። በቅርቡ ትኩሳትና የቀኝ ጎን ሕመም ይዞት ሆስፒታል ሲገባ ጉበቱ ላይ 4 ሴንቲ ሜትር እባጭ ታየ። ናሙናው «የካንሰር ሕዋስ የለም፣ ብግነት ነው» አለ፤ በአንቲባዮቲክም ወደ 2 ሴንቲ ሜትር ወረደ። እኛ እልል ብለን ሳለ ሐኪሞቹ በስድስት ሳምንት ሌላ ኤም.አር.አይ.፣ ከዚያም ሌላ ናሙና ይላሉ። ለምን አይለቁትም? ቤተሰቡ የካንሰር ጥርጣሬ መኖሩን ለእርሱ አልነገረውም።

መልስ፦ ወንድምዎን የያዙት ሐኪሞች ትክክል ናቸው፤ ምክንያቱን ላስረዳ።

የወንድምዎና ከላይ የጻፉልን እህት የሐሞት ቱቦ ሕመሞች ስማቸው ቢመሳሰልም ጠባያቸው የተለያየ ነው። በወንድምዎ ሕመም የሚጎዱት ትላልቆቹም የሐሞት ቱቦዎች ጭምር ሲሆኑ፣ በምስል ላይ ጠበብ ሰፋ እያሉ የመቁጠሪያ ፍሬ መስለው ይታያሉ። ከሕመምተኞቹ ሁለት ሦስተኛ ያህሉ ወንዶች ናቸው፤ 70 በመቶ ያህሉ እንደ ወንድምዎ የአንጀት ቁስለት አለባቸው። ለጥያቄዎ መልስ የሚሆነው ቁም ነገር ግን በዕድሜ ዘመናቸው ከ100 ሰዎች ከ10 እስከ 15 የሚሆኑት በሐሞት ቱቦ ካንሰር መያዛቸውና ከእነዚህም ብዙዎቹ ሕመሙ በታወቀ በመጀመሪያው ዓመት ውስጥ የሚገኙ መሆናቸው ነው። ከላይ ለጻፉልን እህት «ካንሰር ነው» ከማለታችን በፊት ማስረጃ ጠይቀናል፤ ለወንድምዎ ግን ማስረጃ የሚያስፈልገው «ካንሰር አይደለም» የሚለው ቃል ነው።

ያም ሆኖ ካንሰር ያልሆነው ዕድል እውነተኛ ነው። ኢንፍላማቶሪ ሱዶቱመር የተባለው እባጭ በጉበት ላይ ለመጀመሪያ ጊዜ የተገለጸው እ.ኤ.አ. በ1953 ነው። ሐሞት በጠበበ ቱቦ ውስጥ ሲታጎር ባክቴሪያ ይራባል፤ ኢንፌክሽኑ ከቱቦው ግድግዳ አልፎ ወደ ጉበቱ ሲዘልቅ የመከላከያ ሕዋሳትና ጠባሳ አንድ ላይ ተጋግረው ዕጢ የመሰለ ነገር ይሠራሉ። ትኩሳቱ፣ ሕመሙና በአንቲባዮቲክ መቀነሱ ከዚህ ጋር ይስማማሉ። ከዚህ ሌላ አይጂጂ 4 ከተባለው ፕሮቲን ጋር የተያያዘ ዓይነትም አለ፤ ይህኛው በብዛት ዕድሜያቸው በገፋ ወንዶች ላይ የሚታይ፣ ቆሽትንም የሚነካና በስቴሮይድ የሚቀልጥ ነው። ናሙናው በዚህ ፕሮቲን ማቅለሚያ ተመርምሮ ካልሆነ አሁንም ሊጠየቅ ይችላል። ይሁን እንጂ «እስቲ ስቴሮይድ እንሞክር» የሚል ሐሳብ ከማንም ቢመጣ፣ ኢንፌክሽኑ ሳይጠፋና ካንሰር ሳይወገድ ሊደረግ አይገባም፤ ስቴሮይድ በካንሰር ዙሪያ ያለውን ብግነት አክስሞ እባጩ የዳነ ሊያስመስል ይችላልና።

ናሙናው ንጹሕ ሆኖ ሳለ ጥርጣሬው ለምን እንደቀረ ደግሞ እንመልከት። የሐሞት ቱቦ ካንሰር በባሕርዩ ጠባሳ የበዛበትና የካንሰር ሕዋሳቱ ተራርቀው የተቀመጡበት ነው። ዙሪያውም በብግነት ይከበባል። መርፌው የገባው በዚያ ዙሪያ ከሆነ ፓቶሎጂስቱ ያየውን በታማኝነት ጽፎ ውጤቱ ግን ሊያሳስት ይችላል። ሲኤ 19-9 የተባለው የደም ምርመራም ብቻውን አያስተማምንም፤ ቱቦው ሲዘጋና ሲመረቅዝ ካንሰር በሌለበት ይንራል፣ ቱቦው ሲከፈት ደግሞ ይወርዳል፤ በተፈጥሯቸው ይህን ንጥረ ነገር የማያመነጩ ሰዎችም ስላሉ በእነርሱ ላይ ካንሰር እያለ ዝቅ ብሎ ሊታይ ይችላል። ስለዚህ ሐኪሞቹ የሚመኩበት ጊዜን ነው። እባጩ በስድስት ሳምንት ፈጽሞ ከጠፋ ነገሩ ብግነት ነበር ማለት ይቻላል። በ2 ሴንቲ ሜትር ላይ ከቆመ፣ ከእርሱ በላይ ያሉት ቱቦዎች እየሰፉ ከሄዱ፣ ወይም የጉበቱ ገጽ በእባጩ በኩል ወደ ውስጥ ከተሳበ ግን ቀጣዩ ናሙና ግድ ነው።

ስለ ናሙናው አወሳሰድ አንድ ጥንቃቄ አለ። እባጩ የሐሞት ቱቦዎች ከጉበት በሚወጡበት በር ላይ ከሆነና የጉበት ንቅለ ተከላ እንደ አማራጭ የሚታሰብ ከሆነ፣ በሆድ ቆዳ በኩል መርፌ መስደድ ሕመምተኛውን ከንቅለ ተከላ ሊያስቀር ይችላል፤ ካንሰሩ ወደ ሆድ ዕቃ ተዘርቷል ተብሎ ስለሚፈራ ነው። በዚህ ስፍራ ናሙና የሚወሰደው በአፍ በሚገባ ካሜራ በኩል፣ በቱቦው ውስጥ፣ ነው። መርፌው ከመግባቱ በፊት የንቅለ ተከላ ማእከል አስተያየት ተጠይቆ እንደሆነ ወንድምዎ ሐኪሞቹን ይጠይቅ።

በመጨረሻ የተሠራለት የትልቁ አንጀት ካሜራ ምርመራስ መቼ ነበር? የአንጀት ቁስለቱም የሐሞት ቱቦ ሕመሙም ያለበት ሰው ለአንጀት ካንሰር ይበልጥ ስለሚጋለጥ በየዓመቱ መታየት ይገባዋል፤ የአንጀት ካንሰር ደግሞ ቀድሞ ከሚዛመትባቸው ቦታዎች አንዱ ጉበት ነው።

ስለ መደበቁ ግን ልቤን የከበደውን ልንገርዎ። በእኛ ዘንድ ክፉ ወሬ ከሕመምተኛው ማራቅ ፍቅር ነው፤ ይህን አልነቅፍም። ነገር ግን ጀርመን ውስጥ ሐኪሙ የሚያነጋግረው ሕመምተኛውን ራሱን ነው፤ የሚፈርመውም እርሱ ነው። ድኛለሁ ብሎ የሚያስብ ሰው የስድስት ሳምንቱን ቀጠሮ ሊተወው ይችላል። ካንሰር መኖር አለመኖሩ አልተለየም፣ ለመለየት እየተሞከረ ነው ብላችሁ እውነቱን ብትነግሩት ይሻላል።

ጥያቄ፦ ሐሞት ከረጢቴ በጠጠር ምክንያት ወጥቶ ሳለ ሐኪሙ በጉበቴ ገጽ ላይ 6 ሚሊ ሜትር የሆነች ነጭ ነጠብጣብ አይቶ ቆርጧታል። ውጤቱ «ባይል ዳክት አዴኖማ» ይላል። አዴኖማ ወደ ካንሰር ይለወጣል ሲባል ስለሰማሁ እንቅልፍ አጣሁ። (ከሐዋሳ)

መልስ፦ ይተኙ። እርስዎ የሰሙት ስለ ትልቁ አንጀት አዴኖማ ይመስለኛል፤ ይኼኛው ከእርሱ ጋር ከስሙ በቀር ዝምድና የለውም። በጉበት ልባስ ሥር የምትገኝ፣ አብዛኛውን ጊዜ ከ1 ሴንቲ ሜትር የምታንስ፣ ከትናንሽ የሐሞት ቱቦዎች የተሠራች ጉዳት የሌላት ነገር ናት። ሐኪሙ ቆርጦ ማስመርመሩ ግን ተገቢ ነው፤ በዓይን ሲያዩዋት ከሌላ አካል ከተዛመተ ካንሰር አትለይምና። ፎን ማየንቡርግ ኮምፕሌክስ የሚባሉት፣ በጉበት ውስጥ ተበትነው የሚታዩት ጥቃቅን የሐሞት ቱቦ ነጠብጣቦችም እንዲሁ ሰውን ያስደነግጣሉ፤ እነርሱም አብዛኛውን ጊዜ ምንም አያስፈልጋቸውም። በፓቶሎጂስቱ ውጤት ላይ ሌላ የሚያጠራጥር ነገር ካልተጻፈ የተለየ ክትትል አያሻዎትም።

ጥያቄ፦ እናቴ የምትኖረው ደቡብ ኦሞ፣ ከብት አርቢ አካባቢ ነው። ዓይኗ ቢጫ እየሆነ፣ እያተኮሳት «የሐሞት ቱቦ ጠጠር» ተብላ ሁለት ጊዜ ታክማለች። አሁን በአልትራሳውንድ ጉበቷ ላይ ውኃ የቋጠረ ትልቅ እባጭ ታየ። በመርፌ ይመጠጥ ተብሏል። ይሻላል?

መልስ፦ የእባጩ ምንነት ሳይለይ አይመጠጥ። በአርብቶ አደር አካባቢ ውሻና ከብት አብረው በሚኖሩበት ስፍራ እንዲህ ያለ እባጭ ሲታይ በመጀመሪያ የሚታሰበው ኤኪኖኮከስ በተባለው የውሻ ትል የሚመጣው ሃይዳቲድ ነው። ካንሰር አይደለም፤ ቢሆንም አጉል ከተወጋ ፈሳሹ ወደ ሆድ ፈስሶ ብርቱ የአለርጂ ድንጋጤ ሊያስከትል፣ ትሉም በሆድ ውስጥ ሊዘራ ይችላል። የቢጫነቱ መመላለስም ከዚሁ ሊመጣ ይችላል፤ እባጩ ወደ ሐሞት ቱቦ ሲፈነዳ የግድግዳው ቅዳጅና በውስጡ ያሉት ትናንሽ ከረጢቶች ቱቦውን ዘግተው ጠጠር ይመስላሉ። ስለዚህ የአልትራሳውንድ ሐኪሙ በእባጩ ውስጥ ሌሎች ትናንሽ ከረጢቶች ወይም የተላቀቀ ግድግዳ መኖሩን ለይቶ እንዲጽፍ ይጠየቅ፤ የደም ምርመራም ካለ ይደረግ። ሃይዳቲድን በመርፌ ማከም የሚቻልበት ዘዴ አለ፤ የሚሠራው ግን አልበንዳዞል የተባለው የትል መድኃኒት አስቀድሞ ተሰጥቶ፣ በሠለጠነ ባለሙያ፣ ለአለርጂ ድንጋጤ መድኃኒት ተዘጋጅቶ ሲሆን፣ እባጩ ከሐሞት ቱቦ ጋር ከተገናኘ ፈጽሞ አይሞከርም። የእናትዎ ሁኔታ የተገናኘ ስለሚመስል ቀዶ ሕክምናና የሐሞት ቱቦ ካሜራ ወዳለበት ሪፈራል ሆስፒታል ይውሰዷቸው፤ ትኩሳቱና ቢጫነቱ አሁንም ካለ ቀጠሮ ሳይጠብቁ በድንገተኛ ክፍል በኩል ይግቡ።